እማዬ ማህፀኗ ከወረደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እኔ የሰማሁት ቅዳሜ ነው

የፋርጣዋ ልጅ

ሰላም እህቶቼ። እስከ ዛሬ እዚህ የጻፍኩት ስለ ልጄ ምግብና ስለ እንቅልፉ ብቻ ነበር። ዛሬ ስለ እማዬ ነው። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እማዬ የፋርጣ ሰው ናት፣ ከደብረ ታቦር ብዙም አይርቅም። ዕድሜዋን ሃምሳ ስምንት ብለን እንገምታለን። ስምንት ወልዳ ስድስት ነን ያለነው። ሁላችንንም እቤት ነው የወለደችን። የመጀመሪያውን ስትወልድ ሦስት ቀን አምጣ ልጁም አልተረፈላትም። ጥር ላይ ለልጄ ክርስትና ብላ አዲስ አበባ መጣች።

ከመጣች ጀምሮ ደስ ያላለኝ ነገር ነበር። ሶፋ ላይ ደህና አድርጋ አትቀመጥም፣ ወደ አንድ ጎን ዘመም ትላለች። ሽንት ቤት ከገባች ቶሎ አትወጣም። የክርስትናው ዕለት ደግሞ እኛ ልጁን ይዘን ስንገባ እሷ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ቀረች። "ደክሞኛል፣ እናንተ ግቡ" አለችኝ። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶብስ የመጣችው ለዚያች ሰዓት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ላጥብ ስል ከምትተኛበት አልጋ ሥር ትንሽ ሳፋ አገኘሁ። ውስጡ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደዱ ጨርቆች ናቸው። እያንዳንዱ አራት ጊዜ ታጥፎ ዳር ዳሩ በእጅ ተሰፍቷል፣ በሁለቱም ጫፍ መቀነት ላይ የሚታሰር ክር አለው። ስፌቱ ጥንቅቅ ያለ ነው፣ እማዬ ጥልፍ ስትሠራ እንደምትሰፋው። ቢጫ ፈሳሽና ትንሽ ደም ነበረበት። ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ፦ አንድ ሰሞን የተሠራ ነገር አልነበረም። አንዳንዱ ጨርቅ ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ ሌላ ጨርቅ ተደርቦበታል።

ስጠይቃት መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ አለቀሰች። "ማህፀኔ ወርዷል ልጄ። ነዶ ተሸክሜ ከማሳ ስመለስ የሆነ ነገር ውርድ አለኝ" አለች። መጀመሪያ ጋደም ስትል ይመለስ ነበር፣ እንቁላል ያክል ነበር። አሁን እንደ ጡጫ ነው፣ አይመለስም። ሽንቷን ለመሽናት በእጇ ወደ ላይ መግፋት አለባት። አባቴ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቃት "ለብቻዬ ነው የምተኛው" ብላ ዝም አለች።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ደም ስላለው ካንሰር ሊሆን ይችላል? የግድ ማህፀኗ መውጣት አለበት? "ማህፀኔን ካወጡት ባዶ ቅል ነው የምሆነው" ትላለች። ወንድ ሐኪም አያየኝም ብላለች፣ እንዴት ላሳምናት? ጎረቤቴ ደግሞ "ፊስቱላ ነው" አለችኝ፣ አንድ ነው እንዴ? ልጠይቅ አፍሬ እንጂ እኔም አንድ ልጅ ወልጃለሁ፣ የሷ ነገር ለእኔም ይተርፋል?

አዋላጅ ከወሎ

እህቴ፣ ጨርቁን አይተሽ ዝም ባለማለትሽ እግዜር ይስጥሽ። አሥራ አንድ ዓመት አዋላጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። እንደ እናትሽ ያሉ እናቶች ለሌላ ነገር መጥተው፣ ወገቤን አመመኝ ብለው ካርድ አውጥተው፣ እኔ "ወደ ታች የሚወርድ ነገር አለ?" ብዬ በግልጽ ስጠይቅ ነው የሚናገሩት። ካልተጠየቁ አይናገሩም።

ፊስቱላ አይደለም። ፊስቱላ በምጥ መርዘም የፊኛው ወይም የሰገራው መውጫ ግድግዳ ተበስቶ ሽንት ወይም ሰገራ ያለማቋረጥ ሲፈስ ነው። የእናትሽ የማህፀን መውረድ ነው። ሁለቱንም የሚያመጣ አንድ ነገር ግን አለ፣ እሱም የተራዘመ ምጥ ነው፤ ስለዚህ ሰው ቢያምታታው አይገርምም።

የጠፍር አልጋ ታውቂያለሽ። የሴት ዳሌ ወለል እንደዚያ ነው፣ በጡንቻ የተጠፈረ። ማህፀን፣ የሽንት ፊኛና የሰገራ መውጫው በዚያ ላይ ያርፋሉ፣ ከላይ ደግሞ ማህፀንን ግራና ቀኝ ይዘው የሚያንጠለጥሉት ጅማቶች አሉ። ልጅ ሲያልፍ ጠፍሩ ይለጠጣል፣ አንዳንዱም ይበጠሳል። ሦስት ቀን ሲማጥ፣ ስምንቴ ሲወለድ፣ አራስነት ሳያልቅ እንስራ ሲታዘል እየረገበ ይሄዳል። ዕድሜ ሄዶ የወር አበባ ሲቆም ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንስና አካባቢው ይሳሳል። የማይለቅ ሳል፣ ለዓመታት የቆየ ድርቀትም ከላይ ወደ ታች እየገፉ ያባብሱታል። ጭስ ቤት ውስጥ ስትጋግር የኖረች ሴት ሳል ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ደረጃው ከ1 እስከ 4 ነው። የሚለካው ከብልት መግቢያ አንጻር ነው፤ 1 ገና ከውስጥ ያለ፣ 2 መግቢያው አካባቢ የደረሰ፣ 3 ወደ ውጭ የወጣ፣ 4 ጠቅላላ የወጣ። ጡጫ ያህል ሆኖ አልመለስ ካለ ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ይመስለኛል፤ ቁርጡን የሚያውቀው ግን ያያቸው ሐኪም ነው። ሽንታቸውን በእጅ እየገፉ የሚሸኑት ፊኛውም አብሮ ስለወረደ ሊሆን ይችላል።

ስለ ደሙ፦ መውረዱ ራሱ ካንሰር አይደለም። ውጭ የዋለ ማህፀን ይደርቃል፣ ከጨርቅና ከጭን ጋር እየተፋተገ ይቆስላል፣ ያ ቁስል ይደማል። ነገር ግን የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚታይ ደም ሁሉ መታየት አለበት፣ ቁስሉም ናሙና ሊወሰድለት ይገባል። ይህን ሐኪሙ ባይናገር አንቺ ጠይቂ።

እስከዚያው ጋደም ይበሉ፣ ከዳሌያቸው ሥር ትራስ አድርጊላቸው። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ በንጹሕ ውኃ እርጥብ አድርገው ይጠቀሙ፣ ቅጠልና ቅባት አይንካው። ከባድ ነገር አይሸከሙ። ሽንት እምቢ ካለ፣ የወጣው ከጠቆረ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ደሙ ከበዛ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጃቸው።

የማህበረሰብ ጤና መድን ደብተር ካላቸው ከጤና ጣቢያቸው ሪፈር ያስፈልጋል፤ አስቀድመሽ ደውለሽ አጣሪ። እኛ ከምንልካቸው ቦታዎች አንዱ የሐምሊን ነው። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 መጥተው በ1974 የከፈቱት የአዲስ አበባው ፊስቱላ ሆስፒታል የሚታወቀው በፊስቱላ ነው፣ ማህፀን የወረደባቸውንም ያክማል፤ ባሕር ዳርን ጨምሮ በክልል ማዕከላት አሉት። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎቹም ይሠሩታል።

እናትዓለም

የእናትሽን ጨርቅ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔም ሰፍቻለሁ። የእኔ ከፎጣ ነበር።

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ነው የምኖረው፣ አራት ወልጃለሁ። መጀመሪያ ለመታከም ስሄድ ገና ቀላል ነበር። የተቀበለኝ ሰውዬ ሰው በተሰለፈበት ጮክ ብሎ "ምን ወጣ ነው የምትይው?" አለኝ። ዞር ስል ከኋላዬ የልጄ አስተማሪ ቆሟል። ካርዴን ሳላወጣ ተመልሼ ሄድኩ፣ አራት ዓመት አልተመለስኩም። በነዚያ አራት ዓመታት ነው ደረጃ 2 የነበረው ደረጃ 3ን ያለፈው። እናትሽን ስትወስጂ አንቺ ቀድመሽ ግቢና ተናገሪ፣ እሳቸው በር ላይ አይጠየቁ። ይህን ብቻ አድርጊልኝ።

በኋላ ሌላ ቦታ ስሄድ ያየችኝ ሴት ሐኪም ነበረች። መጀመሪያ ቀለበት አደረገችልኝ፣ ፔሳሪ ይሉታል። ከሲሊኮን የተሠራ፣ እንደ ትንሽ አምባር ያለ የሚተጣጠፍ ነገር ነው። በልክሽ ይመርጡና አስገብተው ማህፀኑን ደግፎ ይይዘዋል። ስትሄጂ፣ ስትቀመጪ፣ እንድታስዪ እያደረጉ ያዩታል። በየሦስት ወሩ እየሄድኩ ይታጠብልኝ ነበር፣ ግድግዳው እንዳይቆስል ደግሞ የኢስትሮጅን ክሬም ሰጡኝ። የመጀመሪያው ቀን ቀለበቱ ገብቶ ከሆስፒታሉ ወደ መናኸሪያው በእግሬ ስሄድ የማደርገው ጠፋኝ። ጭኖቼ መሀል ምንም የለም! ሰው ይህን ያህል ቀላል ሆኖ እንደሚራመድ ረስቼው ነበር።

ስምንት ወር ቆየልኝ። ከዚያ ሽንት ቤት ቁጢጥ ባልኩ ቁጥር መውደቅ ጀመረ፣ ትልቁም ሲሞከር አልያዘም። ለሌላ ሴት ዓመታት ያገለግላል፣ የእኔ ወለል ተጎድቶ ነበርና አልቻለም። ከዚያ ነው ቀዶ ሕክምናውን የተስማማሁት።

ስለ "ባዶ ቅል" እናትሽ ያሉትን እኔም ብያለሁ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ስላ አሳየችኝ። ዋናው ሥራ ማህፀን ማውጣቱ እንዳልሆነ፣ ዋናው ከላይ የቀረውን ከጠንካራው ጅማት ጋር ሰፍቶ ማሰሩ እንደሆነ ነገረችኝ። አውጥተው ሳያስሩ ቢተዉት ግድግዳው ራሱ ተመልሶ ይወርዳል። ማህፀን ሳይወጣ እዚያው ከፍ አድርጎ የሚታሰርበትም መንገድ አለ፣ ለሁሉም አይሆንም እንጂ። ስለዚህ እናትሽ "ማውጣት ግድ ነው ወይ?" ብለው ይጠይቁ፣ መብታቸው ነው። እኔ ማህፀኔ ወጣ፣ የማስበውም የምወደውም ያው እኔ ነኝ።

ሆዴ አልተከፈተም፣ በታች በኩል ነው የሠሩት። ወገቤን በመርፌ አደነዘዙኝ፣ ድምፃቸውን እሰማ ነበር። ስጨርስ የሽንት ቱቦ ነበረኝ፣ ከውስጥም ጎዝ ጠቅጥቀው በማግስቱ አወጡት። እሱ ሲወጣ አመመኝ፣ አልዋሽሽም። በአራተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስድስት ሳምንት ከባል ጋር መተኛት የለም። ሦስት ወር ሙሉ ከባድ ነገር ማንሳት የለም። እኔ በአምስተኛው ሳምንት ደህና ነኝ ብዬ ሙቀጫ አነሳሁ፣ ሌሊቱን ደም አየሁ። ስፌቱ አልተበጠሰም፣ ግን ለሐኪሟ ይህን ስነግራት ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። "ሁለተኛ ጊዜ ስንሰፋ እንደ መጀመሪያው አይሆንልንም" አለችኝ።

ዳሞት

ወንድ ነኝ፣ ይቅርታ በመግባቴ። እናቴ በዚሁ ምክንያት ለዓመታት ቤተ ክርስቲያን አልገባችም ነበር፣ እኛ ሰነፈች እንላት ነበር። የእናትሽ ከቅጥር ውጭ መቀመጥ ስላመመኝ ነው የምጽፈው። የንስሐ አባታቸው በስልክ እንዲያነጋግሯቸው አድርጊ። እኛ ብንላት ያልሰማችውን ከሳቸው ሰማች። አባትሽንም አትተይው። አባቴ ሲሰማ "እኔ ጠልታኝ መስሎኝ ነበር" ነው ያለው።

ሊያ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ስለ ራስሽ ጥያቄ ልመልስልሽ፣ ስለ እናትሽ በደንብ ተነግሮሻል።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ወልጃለሁ። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፣ በሽተኛ ከአልጋ ወደ ወንበር የማነሳው እኔ ነኝ። ከሁለተኛው ልጄ በኋላ ማታ ማታ ታች በኩል የሚጎትተኝ ነገር መጣ። ጠዋት ደህና ነኝ፣ ፈረቃዬ ሲያልቅ እንቁላል ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ደረጃ 2 አሉኝ። የእናትሽ ልጅ በመሆንሽ ዕድልሽ ከሌላው ከፍ ሊል ይችላል፣ የጅማቱ ጥንካሬ ከቤተሰብ ይመጣልና። ግን በወጣትነትሽ ከጀመርሽ የምትሠሪው ብዙ ነገር አለ።

እኔን የረዳኝ ለዳሌ ወለል የሠለጠነች ፊዚዮቴራፒስት ናት። እንቅስቃሴው ኬግል ይባላል፣ አርኖልድ ኬግል የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው ነው። ሽንትሽንና ፈስሽን አንድ ላይ ልታግጂ ስትይ የሚጨብጠው ጡንቻ እሱ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ላይ ጨብጪ፣ እስከ አሥር ቁጠሪ፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። አሥር ጊዜ ያህል፣ በቀን ሦስቴ። ሆድሽን አታስጨንቂ፣ ትንፋሽሽን አትያዢ። እኔ ለስድስት ወር ተሳስቼ ወደ ታች እየገፋሁ ነበር፣ በምርመራ እስክታሳየኝ ድረስ። ስለዚህ አንዴ የሚያውቅ ሰው ይይልሽ። ለውጡን ያየሁት በአራተኛው ወር ነው። ሳስል፣ ሳስነጥስ፣ በሽተኛ ላነሳ ስል አስቀድሜ እጨብጣለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ፖፒ የሚባል ጥናት አለ። ከደረጃ 1 እስከ 3 ያሉ ሴቶች በባለሙያ እየታዩ ይህን ሲሠሩ፣ ከዓመት በኋላ ምልክታቸው ወረቀት ብቻ ከተሰጣቸው ሴቶች ቀንሶ ተገኝቷል። ሙሉ በሙሉ የወጣውን ግን እንቅስቃሴ አይመልሰውም፣ እናትሽን በዚህ እንዳታዘገያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ። የወረደውን እንዲደግፍ በብልት በኩል ሰው ሠራሽ መረብ እናስገባ የሚላችሁ ካለ ደጋግማችሁ ጠይቁ። እዚህ አሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ለዚህ ሕመም በብልት በኩል የሚገባውን መረብ ኩባንያዎቹ መሸጥ እንዲያቆሙ አዟል።

የፋርጣዋ ልጅ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ሁላችሁንም አንብቤላታለሁ፣ ድምፄን ቀንሼ፣ ማድ ቤት ውስጥ። እናትዓለምን ሁለቴ አስደገመችኝ። ሙቀጫው ላይ ስደርስ "ውይ!" አለች።

ካርድ ክፍል እኔ ቀድሜ ገባሁ። ሴት ሐኪም እንድታያት ጠየቅኩ፣ ለሐሙስ ኑ አሉን። ሐሙስ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ከጎናችን ሰባት ሴቶች ነበሩ። አንዷ እንደ እማዬ ዘመም ብላ ተቀምጣለች። እማዬ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እነዚህም እንደኔ ናቸው?" አለችኝ። እኔ ሳልመልስ ሴትዮዋ ሰምታ "እኔ ስድስት ዓመቴ ነው እትዬ፣ እርስዎስ?" አለቻት። እማዬ "ዘጠኝ" አለች። በሕይወቷ ለባዕድ ሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወዲያ እስኪጠሩን ድረስ እኔን አላናገረችኝም፣ እነሱ ሲያወሩ ነበር።

ሐኪሟ አስተኝታም አቁማም አየቻት፣ እንድታስል፣ እንድታምጥ አደረገቻት። ደረጃ 4 ነው፣ ፊኛውም አብሮ ወርዷል። ከቁስሉ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ ካንሰር የለውም። አዋላጇ እህቴ፣ አንቺ ባትነግሪኝ መጠየቄን እንጃ። የኩላሊት አልትራሳውንድም ታዘዘላት፣ የሽንት መውረጃው ስለታጠፈ ቀኙ ትንሽ አብጧል፤ ለዚህ ነው ቶሎ መሠራት አለበት ያሉን። አሁን ወደ ውስጥ ተመልሶ ክሬም በተቀባ ጎዝ ተይዟል፣ በየሁለት ቀኑ ይቀየርላታል። ቁስሉ እየደረቀ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከፋሲካ በኋላ ነው። ማህፀኑ እንዲወጣ ራሷ ነች የተስማማችው፣ "ከላይ ታስሩታላችሁ ግን?" ብላ ከጠየቀች በኋላ።

ዳሞት፣ የንስሐ አባቷ ደውለውላታል። ምን እንዳሏት አልነገረችኝም። እሑድ ጠዋት ግን ነጠላዋን ለብሳ ከእኔ ቀድማ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አባቴም ነገ ይመጣል።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሦስት ወር እዚህ እይዛታለሁ ብያለሁ፣ እሷ ግን ሰኔ ሳይገባ ካልሄድኩ ትላለች፣ እርሻው አለ። ውኃው ከቤታችን ቁልቁል ነው፣ የምትቀዳው በ20 ሊትር ጀሪካን ነው። ታናሽ ወንድሜና ሚስቱ አብረዋት አሉ፣ እሷ ግን ሰው ሲሠራላት ማየት አትችልም። እናትዓለም፣ አንቺ እንዴት አደረግሽ?

እናትዓለም

እሰይ! እልል ብያለሁ።

እኔን ያዳነችኝ የልጄ ሚስት ናት። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ወስዳ እናቷ ቤት አስቀመጠችው፣ ሙቀጫውንም ጎረቤት ሰጠችው። ቤት ውስጥ ባለ 3 ሊትር የዘይት ጀሪካን ብቻ ቀረ። ልቅዳ ብል እንኳ ሌላ የምይዝበት አልነበረኝም። ለወንድምሽ ሚስት ደውይላት፣ እናትሽ ሳይመለሱ በፊት ታድርገው። ነዶውንም አሁኑኑ ተነጋገሩበት፣ ኅዳር ሲደርስ አትጠብቁ።